ከመካከላችን የሚገሥጸን ማን ነው?

ጎንደር ከተማ ያላችሁ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ ያላችሁ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ዛሬ የምናገረው ለወጣቱ አይደለም። ለወጣቱ ብዙ ተናግረናል። የምናገረው ጋቢያችንን ደርበን ከፊት ለምንቀመጠው፣ ስንገባ ሰው ብድግ ለሚልልን፣ ስንመርቅ አሜን ለሚባልልን ለእኛው ነው። ሽበት ላይ የደረሰ ሰው ትልቁ አደጋ ሕመም አይደለም፤ ጥፋቱን ፊት ለፊት የሚነግረው ማጣቱ ነው። የሚቆጡን አባቶቻችን አፈር ለብሰዋል። ብዙዎቻችን የትዳር ጓደኛችንን ቀብረናል። ልጆቻችን አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው፤ ያሉትም ቢሆኑ ያፍሩናል። እንግዲህ ክፉ ልማዳችን ያለ ተቆጪ ቀርቷል።

የማኅበሩን ቤት እናስበው። ጽዋው ዞሯል፣ እህል ተቀምሷል፣ ቄሱ አሳርገው ሄደዋል። ያኔ አረቄው በመለኪያ ይመጣል። ከሦስተኛው መለኪያ በኋላ ከመካከላችን አንዱ የድሮ የወሰን ጠብ ያነሳል፤ ቀጥሎም «የእነ እገሌ ቤት እኮ ደም አለበት» ይላል። ሌላው ይቀበለዋል፤ የሟቹን ጀግንነት፣ የገዳዩን ስም፣ የተገደለበትን ሜዳ እየጠራ። ከኋላችን ጆግ ይዞ ጠላ የሚቀዳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቆሟል። ብርጭቋችን ሞልቶ ሲፈስስ እንኳ ልብ አይልም፤ ጆሮው እኛ ዘንድ ነው። ያ ደም ከሠላሳ ዓመት በፊት በሽምግልና የደረቀ፣ ጉማው የተከፈለ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተማማሉበት መሆኑን ማንም አይነግረውም። ዕርቅ ለጨዋታ አይጥምምና። እኛ ጠዋት ያወራነውን ረስተን እንነሳለን፤ እሱ አይረሳም። ጎጆ ሳይወጣ፣ በሬ ሳይገዛ ጠመንጃ የሚያምረው ልጅ ከየት መጣ ብለን ስንደነቅ ይገርመኛል። አገሩ እንዲህ በተኩስ ድምፅ በተሰላቸበት ዘመን የእኛ ወሬ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር ለጎንደሬ ማንሳት ይከብዳል፤ እንወዳቸዋለንና። ቢሆንም ከእሳቸው የቀረበ ምስክር የለንም። የቋራው ካሣ፣ ኋላ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ራሳቸውን የገዙ ሰው ነበሩ። ወታደር ባላገሩን እንዳይዘርፍ ተቆጣጠሩ። መኳንንቱ ዕቁባት በሚያበዛበት ዘመን ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ጸንተው ኖሩ። ሆኖም የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በዚያው ዓመት ለመንግሥቱ በጻፈው ዘገባ፣ ብርታታቸውንና ፍትሐቸውን ካመሰገነ በኋላ፣ ጉድለታቸው ብሎ ካነሳቸው አንዱ አልፎ አልፎ የሚገነፍለው ቁጣቸው ነበር። ስለዚህ ቁጣው ኋላ የመጣ አይደለም፤ ገና በዘውዱ ዓመት ታይቷል። የሚያበርዱት ሰዎች ስለነበሩ ነው ያልበረታው። ተዋበች በ1850 ዓ.ም አረፉ። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሞተ። ወዳጃቸው ጆን ቤል ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ደም ለመመለስ በተደረገው ውጊያ ወደቀ፤ ንጉሡም በማረኩት ሠራዊት ላይ ያወረዱት እልቂት እስከ ዛሬ ይነገራል። ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ ነበረ፤ እጁ ሲያርፍ ልጓሙም ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ቁጣውና መጠጡ እየተደጋገፉ እንደሄዱ አብረዋቸው የነበሩ ጽፈዋል። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን፣ የነገሥታቱን ከተማ፣ ዘረፉ፤ አቃጠሉ። አገሩ ሸፍቶባቸው ነበር፣ ግምጃ ቤቱም ባዶ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ከአርባ አራቱ አድባራት የተረፉት ጥቂት ናቸው። የአድባራቱ የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ደግሞ ያንኑ ጭኖ ሄደ፤ 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች ዛሬም ለንደን ናቸው። አያቶቻችን በጾም በጸሎት የጻፉትን መጽሐፍ ዛሬ የልጅ ልጃችን ለማየት ቪዛ ይጠይቃል። ከዘውዱ እስከ ቃጠሎው አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም።

እኛ ንጉሥ አይደለንም፤ ከተማም አናቃጥልም። ሆኖም እያንዳንዳችን የሚሰማን ቀበሌ፣ የሚፈራን ቤት አለን። እሳቸው ያጡት ተቆጪ እኛንም ጎድሎናል።

«በዚህ ዕድሜ ልማድ አይለቅም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋና ወተት ሳንነካ እንጨርሳለን፤ ሰሙነ ሕማማት ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ላይ እንውላለን። ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው መለኪያ መመለስ አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል? አቅሙ አለን። ያጠፋነው ሌላ ነው፦ አረቄ አያስገድፍም እያልን በጾሙም እንጠጣዋለን፤ ቂምም አያስገድፍም መስሎን ይዘነው እንቆርባለን። ሆዳችንን ያስተማርነውን ያህል አንደበታችንን አላስተማርነውም።

በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረ ሰው ካለ ለብቻው አንድ ነገር ልንገረው። ዛሬ ምዬ ተውኩ ብለህ በአንድ ጊዜ አትቁረጠው። ድንገት ማቆም እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያቃዣል፣ ሰውነትን ይጥላል፤ እስከ ሞት የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። ጎንደር ሆስፒታል ሂድ፤ ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው፣ ነውርም የለበትም። ለንስሐ አባትህም ንገር። ቁጣን በሚመለከት ሐኪም አላውቅለትም፤ ነገር ግን ሰዓትና ስፍራ እንዳለው አይቻለሁ። ቄሱ አሳርገው ሲነሱ አብሮ የተነሳ ሰው የደም ወሬ ሲያወራ አልሰማሁም። የሚጣላው የቆየው ነው።

ስለዚህ እኩዮቼ፣ ለመጪው የሚካኤል ማኅበር ይህን እለምናችኋለሁ። ካህኑ አሳርገው ሲነሱ እኛም እንነሳ። የታረቀ ደም የሚያነሳ ቢኖር፣ ታላቃችንም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ አጠገቡ ያለው ሰው ወዲያው «አቁም፣ ያ ነገር ታርቋል» ይበለው፤ የሚቀዳው ልጅ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እኔም ካነሳሁት እኔንም ዝም አሰኙኝ። ልጁንም አስቀምጡትና በዚያ ዕርቅ ከነበራችሁት አንዳችሁ አጨራረሱን ንገሩት፤ ማን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደጠየቀ፣ የሟች እናት ምን ብላ እንደተቀበለች። ያን ቀን በቦታው ከነበሩት በሕይወት ያለነው ጥቂት ነን።