ምጣዱ ሲሰካ የሚወርደው ብሬከር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ረመዷን በተቃረበ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ከማዕድ ቤት የሚነሱ ናቸው። በዚህ ወር የመረጥነው የአንዲት እህታችንን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስትሰካ ለጊዜው ይሠራል፤ ሻይ ማፍያውን ስትጨምርበት ግን ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ ይጨልማል። የመብራት ሠራተኛ ተጠራ፤ ባለ 16ቱን ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 አስገባላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወረደም። ነገር ግን በምትጋግርበት ቀን ከሶኬቱ በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታታል። ሶኬቱ ያለበት ግድግዳ ከኋላው የልጆቿ መኝታ ነው። ባለቤቷ «መብራቱ መጥፋቱን ተወ አይደል፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይላታል።

እህታችን፣ መጨነቅሽ ተገቢ ነው። መስመሩ እስኪታይ ድረስ ምጣዱን በዚያ ሶኬት አትሰኪ።

ብዙዎቻችን ብሬከር የተሠራው ምጣዱን ወይም ኦቨኑን ለመጠበቅ ይመስለናል። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ሽቦ የሚሸከመው ልክ አለው፤ ከልኩ ሲያልፍ ይግላል፣ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም እሳት ይነሳል። የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ልብ በሉ። በብሬከሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች የተጣበቁባት ቀጭን ምላስ አለች፤ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ግላ ትጎብጥና መስመሩን ትቆርጣለች። ከእርሷ ሌላ ደግሞ ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ በቅጽበት የሚጥል መግነጢስ አለው። በፊቱ ላይ «ሲ 16» የሚል ከሆነ፣ መግነጢሱ በቅጽበት የሚጥለው ኤሌክትሪኩ ከ16 አምፔር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲደርስ ነው ማለት ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በምጣዱ ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ማካፈል ነው። ባለ 4000 ዋት ምጣድ 18 አምፔር ያህል ይወስዳል። ባለ 2000 ዋት ሻይ ማፍያ 9 ይጨምራል፤ በድምሩ 27 ሆነ። የተለመደው የቤት ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ስለዚህ ባለ 16ቱ ብሬከር ሲወርድ የነበረው ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ሠራተኛው ያባረረው ዘበኛውን ነው። እንዲያውም ባለ 32 ብሬከር በደንቡ 46 አምፔር ሲያልፍበት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት እንጀራ ይጋገራል! ሽታው የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ምርጫ በሦስት ቁጥሮች ቅደም ተከተል ይያዛል። ዕቃው የሚወስደው አምፔር ከብሬከሩ አይበልጥም፤ ብሬከሩም ሽቦው ከሚችለው አይበልጥም። በግድግዳ ውስጥ በቱቦ የተቀበረ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ እንደ አቀባበሩ ከ19 እስከ 24 አምፔር፣ ባለ 4 ደግሞ ከ26 እስከ 32 ይችላል። ስለዚህ ለእህታችን ምጣድ የሚስማማው ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ሽቦና ባለ 20 ብሬከር ነው። መስመሩ በተራ ሶኬት ሳይሆን ለዚያ በተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ወደ ምጣዱ ይግባ፤ 18 አምፔር ለተራ ሶኬት ብዙ ነውና። በዲቫይደር መሰካትማ አይነሳም። እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች ያላችሁ ሽቦውን ባለ 6፣ ብሬከሩን ባለ 25 አድርጉት፤ በሙቀት ጊዜ ሁለቱም የመሸከም ዐቅማቸው ይቀንሳል። ባለ 2500 ዋት ኦቨን ብቻ ያለው ቤት በባለ 2.5 የራሱ መስመርና በባለ 16 ብሬከር ይበቃዋል።

አንዳንዶች ቮልቴጁ ወርዶ እንጀራው አልበስል ሲልም ብሬከር ይለውጣሉ። ይህ ከንቱ ድካም ነው። ቮልቴጁ 180 ሲሆን ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል፤ የትኛውም ብሬከር ያንን አይመልሰውም። በአሮጌ ቤቶች ደግሞ የተቃጠለውን ፊውዝ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘው የሚተኩ አሉ። ይህ ቤቱን ያለ ምንም ጠባቂ መተው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመኝታ ሰዓት እሳትና መብራት እንዲጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ምክንያቱንም ሲገልጹ፣ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤተሰቡን ልታቃጥል እንደምትችል አውስተዋል። አይጧ ዛሬም አለች፤ ክሩን ትታ በኮርኒስ ውስጥ የሽቦ ልባስ ትበላለች። ስለዚህ ጋግራችሁ ስትጨርሱ የምጣዱን ብሬከር ማውረድ ልማድ ይሁን።

አሁን ብሬከር የማይሠራውን እንናገር። ብሬከር ሰውን ከመያዝ አያድንም። ሊጥ ወይም ውኃ ከምጣዱ ሥር ወዳለው ጥቅል ሽቦ ሲገባ ኤሌክትሪኩ ወደ ላሜራው ይወጣል። እርጥብ እጅ ሲነካው በሰው አካል የሚያልፈው ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው፤ ለመግደል ግን ይበቃል፣ ባለ 20ው ብሬከርም አያውቀውም። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ ከላሜራው ጋር የግድ ይታሰር። ሁለተኛው በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚወርድ መከላከያ ነው፤ መፈተኛ ቁልፍ ስላለው ከተራው ብሬከር ይለያል። ቁልፉ ሲጫን ካልወረደ ይለወጥ። ብሬከር የላላ ብሎንንም አያይም፤ የላላ ማሰሪያ በትንሽ አምፔርም ቢሆን ይግላል። ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ እያንዳንዱን ብሎን እንዲያጠብቅ ጠይቁት፤ የያዘው አማና ነውና አይቆጣም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ባለቤቱ ይፈቀድ። ባለቤቱም «ምጣድ አትሰኩ» ብሎ ብቻ ከሚያልፍ፣ ቤቱ የእርሱ ንብረት መሆኑን አስቦ ወጪውን ቢጋራ መልካም ነው።

ለእህታችን ባለቤት፦ ዋናውን ማብሪያ አውርደህ፣ ከምታምነው ሠራተኛ ጋር ያንን ሶኬት አስከፍተህ እይ። በሽቦው ልባስ ላይ ውፍረቱ ታትሟል። 2.5 ወይም 1.5 የሚል ከሆነ ባለ 32ው ብሬከር ዛሬውኑ ይውጣ፤ ለባለ 2.5 ባለ 16 ይመለስ፣ ለባለ 1.5 ባለ 10 ይግባ። የጠቆረውም ሶኬት ይጣል። ለምጣዱ አዲሱ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ እንጀራው ከጎረቤት ወይም በማገዶ ይሁን።