ወለዱን ማን ይከፍላል?

ባለፈው እትም በዚህ ዐምድ በትንሣኤ ሰሞን የመጡ አንዲት ተሳላሚ ያጫወቱኝን አቅርቤ ነበር። እኒህ ሴት ኪቫ በተባለው ድርጅት በኩል ለአንዲት ኡጋንዳዊት ልብስ ሰፊ 25 ዶላር አበድረዋል፤ ገንዘቡ ጥቂት በጥቂት ሲመለስላቸውም ለሌላ ሰው አበድረውታል። እኔም «ያለ ወለድ የሚሰጥ ብድር» ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፉ በወጣ ማግስት አንዲት እማሆይ ከደጁ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ሰፊዋን ጠይቀሃታል? ወለድ አልከፈልሁም ብላሃለች?» አሉኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ነገሩን ስመረምር ጥርጣሬያቸው ትክክል ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ እርማት ነው።

ኪቫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ብድሮች ያደረሰውም በኡጋንዳ ነው። አበዳሪው አንድ ሳንቲም ወለድ አያገኝም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ ተበዳሪዋ የሚሄደው በአገሯ ባለ አነስተኛ ብድር ተቋም በኩል ነው። ተቋሙ ገንዘቡን ተቀብሎ ለእርሷ በወለድ ያበድራል። ብዙውን ጊዜም እርሷ ብድሩን የምትወስደው ፎቶግራፏ ለአበዳሪዎች ከመታየቱ በፊት ነው፤ የእኛ 25 ዶላር ተቋሙ አስቀድሞ የሰጣትን ይተካል።

ታዲያ ይህ አራጣ ነውን? ፈጥኖ መፍረድ አይገባም። በ1976 በባንግላዴሽ፣ በጆብራ መንደር፣ ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ ሴት አገኙ። ለቀርከሃው መግዣ የምትበደረው ነጋዴ በርጩማውን ራሱ በወሰነው ዋጋ ይወስድባት ስለነበር የቀን ትርፏ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር። በመንደሩ እንዲህ በዕዳ የተያዙት 42 ሰዎች የሚፈልጉት ገንዘብ በድምሩ 27 ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ እርሳቸውም ከኪሳቸው ሰጡ። ከዚህ የተወለደው ግራሚን ባንክም ወለድ ያስከፍላል። መቶ ዶላር ለማበደርና ለመሰብሰብ ሠራተኛው የሚደክመው ድካም አሥር ሺህ ለማበደር ከሚደክመው ብዙ አያንስምና፣ ያ ወጪ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት።

የሚያስፈራው ግን የሒሳቡ አቀራረብ ነው። «በዓመት 20 በመቶ» ተብላ 100 ዶላር የተበደረች ሴት በየወሩ 10 ዶላር ብትከፍል በዓመቱ 120 ትመልሳለች። ነገር ግን ዋናውን በየወሩ እየቀነሰች ስለምትሄድ መቶው ዓመቱን ሙሉ በእጇ አይቆይም፤ እውነተኛው ወለድ 35 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ2010 በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ አንድ ቤተሰብ ከብዙ ተቋማት እየተበደረ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆነ፤ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ዜና ተሰማ፤ የክልሉ መንግሥትም በአዋጅ ጣልቃ ገባ። በ2015 ደግሞ በስድስት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ታተሙ። አንዱ በእኛው በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተካሄደ ነው። ብድሩ ለአንዳንዶች ሥራቸውን ማስፋፊያ ቢሆንም በአማካይ ቤተሰቦችን ከድህነት ሲያወጣ አልታየም። (ዕቁባችን ያለ አንዳች ወለድ ስንቱን ሱቅ እንዳስከፈተ ግን የሚያጠናልን አላገኘንም።)

ይህን ሁሉ ለተሳላሚዋ በስልክ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ እኮ ስጦታ እንዳይሆንባት፣ እንዳታፍር ብዬ ነው ያበደርኋት» አሉኝ። አሳባቸው መልካም ነው። ገበያ ያላትና ጨርቅ መግዣ ብቻ የጎደላት ሰፊ ብድር ያግዛታል፤ የታመመ ልጅ ለምታሳክም እናት ግን ብድር ሌላ ሸክም ነው። ተበዳሪዋ የምትከፍለው አማካይ ወጪ በየተቋሙ ገጽ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፣ ከፎቶግራፉ አስቀድመው እርሱን እንዲያዩ ለመንኋቸው። እማሆይም፣ «ካልተጻፈስ?» ብለው ጠየቁ፤ ተሳላሚዋ፣ «እንግዲያውስ አላበድርም» አሉ። ቀጣዩ ክፍያ በሰኔ ይመለስላቸዋል፤ ወዴት እንደሚልኩት ገና አልወሰኑም።