ድዱም ይታይ፤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ ከሐይቅ

ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ፣
ባሕር ዳር

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ አንድ ድድ ማስጫ ላይ ተቀምጬ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሆነን እዚህ እንሰበሰብና የሚያልፈውን መኪና እንቆጥራለን። ቋንቋችን ለሥራ ፈት መቀመጫ ይህን ስም ያወጣው ለቀልድ ነው። እኔ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መኪናውን ትቼ የእኩዮቼን አፍ ማየት ጀምሬአለሁ። ከሰባታችን የፊት ጥርሱ ሙሉ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረነው "ጥርሴ አለቀ" እንላለን። "ድዴ ታሞ ነበር" ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ወደዚህ ነገር ያስገባችኝ ባለቤቴ ናት። የአምባሰል ልጅ ናት፤ ድዷን የተነቀሰችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ያኔ ጥላሸት በመርፌ እየወጉ ድድ ማጥቆር ለውበት ነበር፤ ጥርሱ ነጥቶ እንዲታይ። ድድ ያጠነክራል፣ መድማት ያስቆማል የሚሉም ነበሩ። እኔም ያቺን ጥቁር ድድ ወድጄ ነው ያገባሁት፤ አልክድም። ለካ ያ ጥቁረት ሌላም ነገር ይሸፍናል። ድድ ሲቆጣ መጀመሪያ ይቀላል፤ በተነቀሰ ድድ ላይ ግን ቅላቱን ማን አይቶ? መፋቂያዋ ላይ ደም ስታይ የሚደማውን ቦታ መፋቅ ተወች። እንዲያ ስታደርግ እየባሰባት ሄደ። ጎረቤት ጨውና ነጭ ሽንኩርት አዘዘላት፤ ከመድኃኒት መደብር ደግሞ "አብሽሪ፣ ቀላል ነው" ተብላ የአሞክሳሲሊን ፍሬ ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት የታች ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀመሩ።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። "የቱ ነው የሚያምሽ?" ተባለች፣ በጣቷ አሳየች፣ በዚያው ጠዋት ሁለቱም ተነቀሉ። ድዷን የነካው ሰው የለም። ሦስት ወር ሳይሞላ ጎረቤት ጥርሶቹ ተነቃነቁ።

ኋላ ደሴ ያገኘናት የጥርስ ሐኪም ጉጠት አላነሣችም። ሚሊ ሜትር የተቀረጸበት ቀጭን ብረት በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ አድርጋ እያስገባች፣ እንደ ልብስ ሰፊ ልኬት ትጠራ ጀመር፤ "ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት"። በጤነኛ ድድ ላይ ብረቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ከዚያ በላይ ከጠለቀ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም እየተበላ ሊሆን ይችላል። ልክታ ስትጨርስ ያልጠበቅነውን ጠየቀች፦ "እናቴ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?" ባለቤቴ ስኳር እንዳለባት ያወቅነው በዚህ ጥያቄ ነው፤ በድዷ በኩል።

ክቡር ኃላፊ፣ እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ግን ልንገርዎ። ጥርስ ላይ በየቀኑ የሚጋገረው ለስላሳ ቆሻሻ ካልተነሣ በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከጠነከረ በኋላ ወይራም ሆነ ክትክታ፣ ብሩሽም ቢሆን አያነሣውም፤ የባለሙያ መሣሪያ ይፈልጋል። ድዱ በዚህ ተቆጥቶ መድማት ሲጀምር ገና ነው፤ ጥርሱ ከጸዳ ሙሉ በሙሉ ይድናል። በሽታው ወደ አጥንቱ ከዘለቀ ግን የሄደው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም፤ ማስቆም ብቻ ነው የሚቻለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች 1 ቢሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል። የእኛ ድድ ማስጫ እንግዲህ ብቻውን አይደለም።

አፋችንን የማናጸዳ ሰዎች ሆነንም አይደለም። በወረዳችን በተሁለደሬ ሙስሊሙ ለሰላት ሲነሣ ሲዋኩን ይዞ ነው፤ ክርስቲያኑም መፋቂያውን ከጆሮው አያወርድም። መፋቂያ በወጉ ከተያዘ ጥሩ ይሠራል። የፊቱን እያንጸባረቀ የውስጡንና የመካከሉን ሲተው ነው ችግሩ።

ዋናው ጉዳዬ ይኸው፦ ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጥርሱን የነቀለበት ወረዳ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ በክልላችን ከተመረጡት ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር የእኛም ወረዳ ነበረበት። መዋጮዬን ሳላቋርጥ ከፍያለሁ፣ ተጠቅሜበታለሁም። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እንደ መነጽር ሁሉ፣ ከሽፋኑ ውጭ ነው። ገንዘቡ ውሱን ስለሆነ ውሳኔው ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላው ነው፦ የተነቀለውን የማይተካ መድን የቆመውን ጥርስ ለማቆየት ከማንም በላይ መትጋት አልነበረበትም? ጥርስ የሚያጸዳ ባለሙያና መሣሪያ በአቅራቢያችን ካልተገኘ ሽፋኑ ወረቀት ላይ ቢኖር ባይኖር ለእኛ ለውጥ የለውም። ነቀላው ቅርብ፣ ጽዳቱ ሩቅ ነው፤ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምባሰል ቆላ ለሚመጣ ደግሞ ቀን ሙሉ ይፈጃል።

አንድ ቃል በትክክል አለመተርጎሙ ምን እንደሚያስከትል ለአምባሰል ሰው አይነገርም፤ ውሉ የተፈረመባት ውጫሌ እዚሁ ናት። በሽተኛው "ጥርሴን" ሲል የተመዘገበው "ጥርስ" ነው፤ የታመመው ግን ድድ ነው። ስለዚህ ከባዱን ነገር አልጠይቅዎትም። በየወረዳው የድድ ስፔሻሊስት ይመደብ አልልም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴው ሆስፒታል እንኳ ተዘርፎ እንደገና መነሣቱን ያየሁ ሰው ነኝ። የምለምነው፣ በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ጥርስ የሚያይ ባለሙያ ጉጠቱን ከማንሣቱ በፊት ያችን ቀጭን ብረት እንዲያነሣ፣ ድንጋዩን የሚያነሣበት መሣሪያም እንዲኖረው ነው። ድዱ ደጋግሞ መግል የሚይዝ ወይም ጥርሱ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ሰው ሲመጣ የስኳር ምርመራ ይታዘዝለት። ስኳርና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳል፤ ድዱ ሲታከም የስኳሩም ልኬት በመጠኑ ይወርዳል።

ለስፔሻሊስት የሚላከውም ማን እንደሆነ የተጻፈ መመሪያ ይኑር። የተረዳሁት እንዲህ ነው። ጥርሱ በደንብ ጸድቶ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶም ኪሱ ከጠለቀ፣ በተለይ ስድስት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሥራው የድድ ስፔሻሊስት ነው። ገና በሃያዎቹ ሳለ የፊት ጥርሱ እየተራራቀ የሚሄድ ወጣትም እንዲሁ፤ እሱ ጊዜ የለውም። ኒፌዲፒንን የመሰሉ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ድድ ያሳብጣሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ከማቋረጥ ለሐኪሙ ይናገር። ነፍሰ ጡር ድዷ ቶሎ ይደማል፤ ጽዳቱ ለእርግዝናዋ አያሰጋም፤ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትመጣ አፏንም ማየት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ የተጎዳ ሰው ደግሞ የታመመ ድድ ይዞ ሊቆይ አይገባም፤ ከድዱ ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ጥርስ ማጽዳት ጥርስ ያነቃንቃል የሚባለውንም ባለሙያዎቻችሁ ይመልሱልን። የባለቤቴ እኅት በዚህ ፈርታ ቀርታለች። የላላ ጥርስ ድንጋዩ ደግፎት ይቆይና ሲነሣ ንቅናቄው ይገለጣል እንጂ ያላላው ጽዳቱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ወረፋ አይጠብቅም። ኖማ ይባላል። በተራበ ወይም ከኩፍኝ ባገገመ ሕፃን ላይ፣ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው፣ ከሚደማ ድድ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበሳል። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል፤ የተረፉትም ፊታቸው ተበልቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ ከተገኘ ግን ተራ ጸረ ባክቴሪያ፣ አፍ ማጠብና ምግብ ያድነዋል። ወሎ ረሃብን በስሙ የሚያውቅ አገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ ስትለካ ከንፈሩንም ገለጥ አድርጋ ትየው። ድዱ ግራጫ ሆኖ ከሸተተ ወይም ጉንጩ ካበጠ በዚያው ቀን ይላክ።

ባለቤቴ ስኳሯ ተስተካክሏል፣ ድዷም መድማት አቁሟል። የተነቀሉት ሁለቱ ግን አልተተኩም፤ ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናቸዋለች። በየሦስት ወሩ ደሴ ትሄዳለች፤ የሚኒባሱም የሕክምናውም ከኪሳችን ነው። በዚህ በኩል ካለፉ መንገድ ዳር ያገኙናል፤ ለእርስዎም መቀመጫ እንለቃለን። መልስዎን እዚያው ድድ ማስጫችን ላይ ሆነን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐይቅ ጡረተኛ መምህር