ትንሿ አሮጌ አውቶሞቢልና የባለቤቷ ሒሳብ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም አልፎ ወደ አቃቂ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው፣ በከባድ መኪናዎች መካከል እየተሽሎከለከች የምታልፈውን ትንሿን ቪትዝ ደጋግሞ ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሃያ ዓመት የሞላቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ዋጋቸው ከዓመት ወደ ዓመት ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየንም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደዚችው መኪና ይመጣል። ስለዚህ አሮጌ ትንሽ መኪና ለምን እንዲህ እንደ ተወደደች፣ ገዝቶ መያዝም በእርግጥ ምን እንደሚያስከትል ዛሬ ልንመረምር አስበናል።

ለትንሽ መኪና ያለን ፍቅር አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በሲቸንቶ ታክሲ ተሳፍረዋል፤ ቮልስንም እንደ ቤተሰብ አባል አስታምመው ለልጆቻቸው አውርሰዋል። ቪትዝ የመጣችው ከእነዚህ በኋላ ነው። የቶዮታ ኩባንያ በዚህ ስም መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በ2020 ስሙን ትቶ ያሪስ ብሎ ጠራት። በአገራችን የተስፋፋችው ግን ስለ ጥንካሬዋ ብቻ አይደለም፤ የግብር ሕጉም ረድቷታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ በሆነው አውቶሞቢል ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ በሆነው ላይ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በሆነው ላይ 100 በመቶ ጣለ። በአገራችን የሚበዙት ባለ 1,000ና ባለ 1,300 ሲሲ ቪትዞች ከዝቅተኛው መደብ ውስጥ ስለ ወደቁ፣ ነጋዴውም ገዢውም ፊቱን ወደ እነርሱ አዞረ።

ከዚህ በኋላ በሩ ተራ በተራ ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። አዲስ የማይገባበት ዕቃ በእጅ ያለው ይወደዳል። ስለዚህ ብሩ ዋጋ እንዳያጣበት መኪና የሚገዛውን ሰው ሞኝ ነው ልንለው አንችልም። ስሕተቱ የሚጀምረው የመሸጫ ዋጋዋ እየወጣ ሲሄድ አካሏም አብሮ የሚታደስ ሲመስለው ነው።

አካሏን እንመልከት። መጀመሪያ መሪዋን ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ቪትዝ መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። አገራችን ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መንገድ መንዳትን ስለ መረጠች መሪው በግራ መሆን ይገባዋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላት መኪና ስትገኝ፣ የተዛወረው ሥራ በጥንቃቄ የተሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ መካኒክ ከሥር ገብቶ ሳይመለከት ቀብድ መስጠት አይገባም። ሁለተኛው የግርጌው ዕቃ ነው። ጉድጓድና አቧራ ያልተለየው መንገድ ሾኩን፣ ኩሽኔታውንና የመሪ መገጣጠሚያውን ይበላል፤ የአክሱ ጎማ ሽፋን ተቀዶ አቧራ ከገባበት፣ በትንሽ ገንዘብ ይጠገን የነበረው በብዙ ገንዘብ ይለወጣል።

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። የቪትዝ ሞተር የሚሠራው በሰንሰለት ስለሆነ እንደ ቺንጋ በየጊዜው አይለወጥም፤ ነገር ግን ሰንሰለቱን የሚጠብቀው ንጹሕ ዘይት ነው። ዘይት ሳይለወጥ የቆየበት ሞተር በጧት ሲነሣ ይንኳኳል፤ ፋሻው ካለቀም ዘይት እየበላ ሰማያዊ ጢስ ይተፋል። በራዲያተር ውስጥ በተገቢው ፈሳሽ ፈንታ የቧንቧ ውኃ መጨመርም ውስጡን አዝጎ ሞተሩን ያግላል። ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ያለው ሲቪቲ የተባለው ካምቢዮ ደግሞ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ ያገኙትን ቢጨምሩበት ይበላሻል። በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ። በባሕር ጠለል 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ ከአቃቂ ሜዳ ወደ መሐል ከተማ የሚወጣው ሞተር ሁልጊዜ በድካም የሚሠራ መሆኑን ማሰብ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በቱሉ ዲምቱ የሚኖር አንድ ወጣት ሹም ወደ አራት ኪሎ ሄዶ ሲመለስ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢሆን 1,100፣ በዓመት 13,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሊትር 14 ኪሎ ሜትር ብትሄድለት በዓመት ከ940 ሊትር በላይ ቤንዚን ይፈልጋል። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተነሣ መምጣቱንም አይርሳ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፍልትሮ ቢለውጥ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። በየሦስት ዓመቱ አራት ጎማ፣ በየዓመቱ ቦሎና በሕግ የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን አለበት። ይህ ሁሉ አንድም ነገር ሳይበላሽ ነው። የተበላሸ ዕለት ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፤ በዚያም የመለዋወጫው ዋጋ በዶላር ሲቆጠር፣ ደመወዙ ግን በብር የሚከፈል መሆኑን ይረዳል።

እንግዲህ ከቁጠባ ማኅበር የተበደረውን ሁሉ በመግዣው ላይ የጨረሰ ሰው ለዚህ ምንም አላስቀረም። ያን ጊዜ የሚያስተላልፈው የማይታየውን ነው፤ ሬዲዮኑንና የወንበር ልብሱን አሳምሮ የፍሬኑን ሸራና ጎማውን ለሚቀጥለው ወር ይላል። በሰፈር መንገድ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ከዚያው ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ በሚደርሰው፣ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ያለቀ ጎማና የሳሳ ፍሬን የራስን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ሕይወት ያጠፋል። ሌላም አደጋ አለ። ደመወዙ የማይችላትን መኪና የያዘ ሹም፣ ባለ ጉዳዩ በሩን ሲያንኳኳ ልቡ መኪናዋን ያስብ ይሆናል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው፣ መኪና አገኛለሁ ብሎ ስሙን የሚጥል እንዳይኖር እንፈራለን።

ነገሩ የግለሰብ ብቻ አይደለም። የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተቋቋመው በዚሁ በአቃቂ ነበር። ብረት የሚያቀልጥና የሚቀርጽ እጅ ባለበት ሰፈር ለትንሿ መኪና የሚሆነውን ቀላል ዕቃ እንኳ ከባሕር ማዶ መጠበቃችን የሙያ ትምህርት ቤቶቻችንንና ባለ ፋብሪካዎቻችንን ሊያሳስባቸው ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና መጣልን ብለንም አንዘናጋ፤ የሞተር ዘይት ባይፈልግም ጎማ፣ ሾክና ፍሬን አለው፤ የሚጓዘውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

አትግዙ አንልም፤ በአቃቂ ለሚኖር፣ በጧት ለረጅም ሰዓት ተሰልፎ ሥራው ለሚዘገይበት ሰው መኪና ቅንጦት አይደለችም። ነገር ግን ካለን ገንዘብ ውስጥ አምስተኛውን ለጥገና እናስቀር፤ ደላላውን ሳይሆን መካኒኩን አስቀድመን እንጠይቅ፤ የወጣውንም በደብተር እንመዝግብ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለሞተርም ይሠራል። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ሲደመር፣ መኪናዋ እኛን ታገለግል ወይም እኛ እርሷን እናገለግል እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።