በፖስታ የሚመጣ ጉልበትና የጃል ኤል ዲብ አውራ ጎዳና

ከቤይሩት ተነሥቶ ወደ ጁኒዬ የሚያመራው የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ዶራንና ዛልቃን አልፎ ጃል ኤል ዲብ ሲደርስ፣ በስተ ግራ የሜዲትራኒያን ባሕር፣ በስተ ቀኝ ደግሞ ወደ መትን ተራሮች ተደራርበው የሚወጡ ሕንፃዎች ይታያሉ። ስፍራው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 በተቀሰቀሰው ሕዝባዊ ተቃውሞ ወቅት መንገድ ከተዘጋባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ በመሆኑ ስሙ በዜና ተደጋግሞ ተነሥቷል። ቀን ቀን መኪና ከመኪና ተጠጋግቶ የሚንፏቀቅበት ጎዳና ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ የተጨመረለት ሞተር ጩኸት ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ወገብ ይሰማል። ጩኸቱን የሰማ ነዋሪ ሾፌሩን ይወቅሳል። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌላም ሰው አለ፤ እርሱም የዚያን መኪና ሞተር ኮምፒውተር ያስተካከለው ባለሙያ ነው። መኪናውን በዐይኑ አይቶታል? ወይስ ከሌላ አገር ሆኖ ፋይል ብቻ ልኳል?

ነገሩ የባለጸጋ ልጆች ጨዋታ ብቻ ይመስል ይሆናል። ሊባኖስ ግን መኪና ከኑሮ ጋር የተሳሰረባት አገር ናት። የሊባኖስ ራሊ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተራራማ መንገዶቿ ላይ ሲካሄድ የኖረ ውድድር ነው፤ ላይካን ሃይፐርስፖርት የተባለውን እጅግ ውድ መኪና የሠራው ኩባንያም መነሻው እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው ሊባኖስ ነበር፣ በኋላ ወደ ዱባይ ቢዛወርም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋራዦች የሚሠራ ወይም የአሠሪውን መኪና የሚያሽከረክር ሐበሻም ስለዚህ ጉዳይ መጠየቁ አይቀርም፤ «ይህን መኪና በኢንተርኔት ላስተካክለው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?» ይባላል።

የሞተር ኮምፒውተር ማለት በየቅጽበቱ ምን ያህል ቤንዚን እንዲረጭ፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንዲሰጥ፣ ቱርቦው ምን ያህል አየር እንዲጨምቅ የሚያዝ ሣጥን ነው። ቦሽ ነዳጁንና እሳቱን በአንድ ኮምፒውተር ያጣመረውን ሞትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት ለገበያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1979 በቢ.ኤም.ደብልዩ 732አይ መኪና ላይ ነበር። ትእዛዙ የተጻፈው በትናንሽ ቺፖች ላይ ስለነበር፣ ጉልበት ፈላጊው አዲስ ቺፕ በፖስታ አስመጥቶ አሮጌውን ነቅሎ ይተካ ነበር። ስለዚህ ጉልበትን በፖስታ ማዘዝ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ዛሬ የተለወጠው ቺፑ ፋይል መሆኑ ነው፤ ደንበኛው አንድ ማገናኛ ከመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ጋር ያያይዛል፣ የተላከለትን ፋይል ይጭናል፣ ይነዳል፣ የተመዘገበውን መረጃ መልሶ ይልካል፣ የታረመ ፋይል ይቀበላል። ይህ መመላለስ ሦስት ጊዜም ስድስት ጊዜም ሊሆን ይችላል።

ከሩቅ ማሠራትን ማጣጣል ፍትሕ አይሆንም። አንድን የሞተር ዐይነት ለዓመታት ያጠና ሰው ጀርመን ወይም አሜሪካ ሊኖር ይችላል፤ በሰፈሩ ያለው መካኒክ ደግሞ ያንን ሞተር በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያየው ነው። አንዳንዴም ምርጫው በባለቤቱ እጅ አይደለም። ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ የተመረቱ በርካታ የቢ.ኤም.ደብልዩ መኪኖች ኮምፒውተራቸው በጽኑ ስለተቆለፈ፣ ባለቤቶች ሣጥኑን ነቅለው ቁልፉን ወደሚፈታ የፊንላንድ ቤት በፖስታ ሲልኩ ቆይተዋል። ምንም ያልተነካካ መኪና ያለው፣ መጠነኛ ጭማሪ ብቻ የሚፈልግና ታዋቂ የሆነ የተፈተነ ፋይል የሚገዛ ሰውም ብዙ ጊዜ ደኅና ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉን የጻፈው ሰው ስለ አገሩ ነዳጅና አየር ሲስት ነው። በሊባኖስ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን 95 እና 98 ኦክቴን ነው። አሜሪካዊው ባለሙያ ደግሞ ፋይሉን 91 ወይም 93 ብሎ ይሰይመዋል። የጃል ኤል ዲቡ ወጣት ማደያው ላይ 95 ሲያነብ የእርሱ ነዳጅ ከ93 የተሻለ ይመስለዋልና የ93ን ፋይል ያዝዛል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሁለቱ አገሮች ኦክቴንን የሚለኩበት ዘዴ የተለያየ ነው፤ የአሜሪካው 93 በሊባኖስ መለኪያ ወደ 98 ይጠጋል፣ የሊባኖሱ 95 ደግሞ የአሜሪካውን 91 ቢያክል ነው። ስለዚህ መኪናው ከሚችለው በላይ የቸኮለ እሳት ይሰጠዋል። ነዳጁ ጊዜውን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ መሣሪያ በሞተሩ ላይ ቢኖርም፣ ሁልጊዜ ሊያድን አይችልም። ሲደጋገም ፒስተን ይሰነጠቃል፤ የሁለት ቁጥሮች አለመግባባት የአንድ ሞተር ዋጋ ይሆናል። ፊት ለፊት የሚሠራ ባለሙያ ይህን ስሕተት የመሥራት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ቤንዚኑን ከዚያው ማደያ እርሱም ይቀዳልና።

አየሩም እንዲሁ ነው። በነሐሴ የጃል ኤል ዲብ አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ትኩስ አየር ወደ ሞተር ሲገባ የማንኳኳት ስጋት ይጨምራል። ያው መኪና ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በፋራያ መንገድ ላይ ይገኛል። እዚያ አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦው የታዘዘውን ግፊት ለማምጣት ከወትሮው በላይ መሽከርከር ግድ ይሆንበታል። በአዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር ጠፍጣፋ አገር የተጻፈ ፋይል ተራራውን አያውቀውም፤ ካልነገሩትም አይጠይቅም።

ይሁንና ከነዳጁም ከአየሩም በላይ ሊያሳስብ የሚገባው የመረጃ ቅጂው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ከሩቅ ያለው ባለሙያ ፋይሉን ለማረም አንድ ነገር ይፈልጋል፦ መኪናው በአንድ ማርሽ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ሞተሩ ከ2,500 ዙር ገደማ ተነሥቶ እስከ 6,500 እንዲደርስ። በጋራዥ ውስጥ ይህ የሚደረገው ዳይኖ በሚባለው ጉልበት መለኪያ ላይ ነው፤ መኪናው በሰንሰለት ታስሮ ጎማው በሲሊንደር ላይ ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ዳይኖ የሌለው ደንበኛ ይህን የት ያደርገዋል? በጎዳና ላይ። በአራተኛ ማርሽ ያ ዙር በብዙ መኪኖች ከ150 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ሴኮንድ 42 ሜትር ገደማ ይታለፋል። ደግሞም አንድ ጊዜ አይደለም። ፋይሉ ስድስት ጊዜ ከተመላለሰ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ነው፤ ላፕቶፕ የያዘ ጓደኛም ከጎን ተቀምጦ፣ የሾፌሩ ዐይን ግማሹ በመንገዱ ግማሹ በቁጥሮቹ ላይ ሆኖ።

በዚያ አውራ ጎዳና ዳር ደግሞ ሰው አለ። ሚኒባሶች በመንገዱ ጠርዝ ቆመው ተሳፋሪ ያወርዳሉ፣ ይጭናሉ። በእሑድ ዕረፍታቸው ወደ ዶራና ወደ ቡርጅ ሐሙድ፣ ወደ ሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሚሄዱ፣ አምሽተውም ወደ አሠሪዎቻቸው ቤት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያት የሚሳፈሩት በእነዚሁ ሚኒባሶች ነው። ስለ ቱርቦ የሚያውቁት ነገር ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ከሩቅ ለተጻፈው ፋይል መፈተኛ ከሆነው መንገድ ዳር የሚቆሙት እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2015 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው 243ኛው የሊባኖስ የትራፊክ ሕግ በፍጥነት ላይ ቅጣቱን አክብዷል፤ ሕጉ ግን በሌሊት ጎዳና ላይ የሚሰበሰብን የመረጃ ቅጂ አያይም። ከሩቅ የሚያስተካክል ባለሙያ በርካሽ የሚሠራው የዳይኖውን ወጪ ስለማይከፍል ነው፤ ወጪው ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ ወደ መንገደኛው ተዛወረ እንጂ።

ታዲያ መልሱ «ጋራዥ ሂድ» ብቻ ነውን? እዚህ ላይ ብዙዎች የሚታለሉበት ነገር አለ። በርካታ ጋራዦች የኮምፒውተሩን ፋይል ራሳቸው አያርሙም። በሙያው «ስሌቭ» የሚባል መሣሪያ ይዘው ዋናውን ፋይል ከመኪናው ያነብባሉ፤ በምስጢር የተቆለፈው ፋይል «ማስተር» ወደሚባለው መሣሪያ ባለቤት በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ያ ሰው ለውጦ ይልካል፤ ጋራዡ ይጭናል። ደንበኛው ቡና እየጠጣ ሲጠብቅ ፊት ለፊት የተሠራለት ይመስለዋል። የገዛው ግን ያንኑ ከሩቅ የመጣ ፋይል ነው፤ በዚያ ላይ የአስመጪውን ትርፍ ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜም አንድም የመረጃ ቅጂ ሳይታይ። ከዚህ ይልቅ መረጃ እየጠየቀ ደጋግሞ የሚያርመው ሩቅ ባለሙያ ይሻላል ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንግዲህ ልዩነቱን የሚፈጥረው የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን፣ ያ ልዩ መኪና በዚያ ነዳጅ ሲሮጥ የሚያሳየውን ልኬት አይቶ የፈረመ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ይህን ጉዳይ የጥንት የሕግ ሊቃውንት ቢሰሙት አይደነግጡም ነበር። ቤይሩት በዑስማንያ ዘመን ትተዳደርበት የነበረው መጀላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው የሐነፊ ፊቅህ ድንጋጌ፣ ሳያይ ለገዛ ሰው ዕቃውን ባየው ጊዜ ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጠዋል፤ ይህም ኺያር አር-ሩእያ ይባላል። የተሰወረ ጉድለት ለተገኘበትም ሌላ ኺያር አለ። የሞተር ፋይል ግን ቢታይም አይታይም፤ ገዢው ከፍቶት የሚያነበው ነገር የለም፣ ጉድለቱም የሚገለጠው ፒስተኑ ከተሰበረ በኋላ ነው። ከሩቅ የሚላኩ ፋይሎች ብዙዎቹ ደግሞ «ለጉዳት ኀላፊነት አንወስድም» የሚል ውል አያይዘው ይመጣሉ። ፉቀሃዎች ገረር ብለው ያወገዙት የማይታወቅ ነገር ሽያጭ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? የቤይሩት ጋራዥ ባለቤት ቢያንስ በር አለው፤ በሩ ይንኳኳል።

ገንዘቡም ያው ጥያቄ አለበት። ከ2019 እ.ኤ.አ. በኋላ የሊባኖስ ባንኮች የደንበኞችን ዶላር ስለያዙ፣ የአገሪቱ ገንዘብም ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ ስላጣ፣ ኑሮው በጥሬ ዶላር ሆኗል። ወደ ውጭ በካርድ መክፈል ለብዙው ሰው አስቸጋሪ ነው፤ የተከፈለውን ማስመለስ ደግሞ ይብሳል። ጋራዡ ጥሬ ዶላር ይቀበላል፤ ሥራው ካልሰመረም ደንበኛው ቀሪውን ክፍያ ይዞ መከራከር ይችላል።

ፊት ለፊት መሥራት የራሱ የሆነ አደጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም፤ በሊባኖስ በተለይ መብራት ነው። ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ በሚጻፍበት ደቂቃ የባትሪው ኃይል ከወረደ ወይም ከተቋረጠ ሣጥኑ በድን ሊሆን ይችላል። የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት፣ ቀሪው በሰፈር ጄነሬተር በሚሸፈንበት አገር፣ ከመንግሥቱ ወደ ጄነሬተሩ ሲቀየር ያለችው ያቺ አጭር ጨለማ ብዙ ታበላሻለች። በጃል ኤል ዲብ ጋራዥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ፈረስ ጉልበት አይደለም። ባትሪውን በተረጋጋ ኃይል የሚደግፍ መሣሪያ አለ ወይ፣ እርሱስ መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ ብሎ ነው።

ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው መንገድ ሁለቱን የሚያጣምረው ነው። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ዳይኖ ላይ ይታሰራል፤ ሩቅ ያለው ባለሙያ በኢንተርኔት ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝቶ ቁጥሮቹን በዚያው ቅጽበት ያያል፣ ያርማል፤ በቦታው ያለው መካኒክ ደግሞ ጆሮውን ለሞተሩ ሰጥቶ፣ የጭስ ማውጫውን የአየርና የነዳጅ ምጣኔ እየተመለከተ ይቆማል። የሩቁ ዕውቀት ይገኛል፤ የሌሊቱ ጎዳናም ይቀራል። የዳይኖውን ኪራይ መክፈል የማይችል ሰው፣ ለሞተር ጉልበት የሚሆን ገንዘብ ገና የለውም ማለት ነው፤ ገንዘቡን ለጎማና ለፍሬን ቢያውለው ይሻለዋል። ሁለቱም በሊባኖስ ተራራ ቁልቁለት ላይ ከ40 ፈረስ ጉልበት ጭማሪ ይበልጥ ያስፈልጉታል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለችና ይህ ሁሉ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ መካኒክ ያረጀ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አስቀድመው የገቡት መኪኖች ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ይቆያሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ከዱባይና ከቤይሩት ፋይል ማስመጣት ይችላሉ። ለእነርሱም ለጃል ኤል ዲቡ ወጣትም ከጋራዡ ሳይወጡ የሚቀበሉት አንድ ነገር አለ፦ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ዋናው ፋይል፣ በፍላሽ ተቀድቶ፣ የመኪናው ቁጥር ተጽፎበት። ይህን ለመስጠት የሚያመነታ ጋራዥ ፋይሉን ከመለወጡ በፊት ያላስቀመጠው ሊሆን ይችላል።