ሳይለኩ ባትሪ መቀየር ይብቃ

ጠዋት ቁልፉ ሲዞር የሞተር ሳይክሉ መብራት ከፈዘዘና ማስነሻው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ የብዙ ጋራዦች ፍርድ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው።» ሞተረኛው ከዕለት ገቢው ቀንሶ አዲስ ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ልማድ ሠርቶ አዳሪውን እየጎዳ ስለሆነ መቅረት አለበት። ጥፋተኛውን የሚለየው ግምት ሳይሆን ቴስተር ነው።

በደንብ የተሞላ የ12 ቮልት አሲድ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፤ ሞቷል ማለት ግን አይደለም። ቻርጅ ተደርጎ ሲያበቃ፣ ማስነሻው ሲጫን ከ9.5 ቮልት በታች ካሽቆለቆለ ባትሪውን መጠርጠር ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው ልኬት ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መታየት አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ አይደለም። 15ን ካለፈ ደግሞ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ የባትሪው ውሃ እየፈላ ያልቃል፣ አምፖልም በላይ በላዩ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም ሁለተኛውንም መግደል ነው።

ቻርጅ ካላደረገ፣ ኃይል ከሚያመነጨው ኮይል ሦስት ቢጫ ገመዶች በሚወጡባቸው ሞተሮች ላይ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደውን ሶኬት ነቅሎ ማየት ይጠቅማል። ፕላስቲኩ ጠቁሮና ቀልጦ፣ የውስጡ ብረት አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ሶኬቱ ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነስቶ የቢጫዎቹን የኤሲ ቮልቴጅ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ መለካት ነው፤ አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ኮይሉ ተጎድቷል። ቻርጁ ደህና ሆኖ ባትሪው ጠዋት ባዶ ከሆነ ደግሞ፣ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ፓውዛ ወይም የስልክ ቻርጀርም ሞተሩ በቆመበት ሌሊቱን ኃይል ሊስብ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው፣ ቻርጅ ማድረጉን ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ነው። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ሊያሻቅብና ደህና የነበረውን ሬጉሌተር፣ አልፎም ሌላውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። መካኒኮች ይህን ዛሬውኑ ሊተዉት ይገባል።

ሞተረኛውም ለባትሪ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት «ሦስቱን ልኬቶች አሳዩኝ» ይበል።