«ዘግይቷል» ማለትም ዜና ነው

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፕሬስ ነጻነት፣ ስለ ኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ወይም ስለ ግቢው ምግብ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ የጌም መጫወቻ ልጽፍ ነው። «ጌም ደግሞ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ነገሩ የቃል፣ የገንዘብና የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ምንም አዲስ ነገር የሌለበትን ቀን እንዴት እንደምንዘግብ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚያስተምር ነው።

መጫወቻው ፓንዶራ ይባላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 ጌምፓርክ ሆልዲንግስ የተባለ የኮሪያ ኩባንያ ጂፒቱኤክስ የሚባል በእጅ የሚያዝ መጫወቻ አውጥቶ ነበር። በሊኑክስ የሚሠራ ስለሆነ ማንም ሰው የራሱን ፕሮግራም ጽፎ ሊጭንበት ይችል ነበር። ይህን ዕቃ ይወዱና ይሸጡ ከነበሩት መካከል በእንግሊዝና በጀርመን ያሉ ጥቂት ሰዎች «የሚቀጥለውን ለምን እኛው አንሠራውም?» ብለው ተነሡ። ልብ በሉ! ፋብሪካ የላቸውም፣ ባለሀብት ከኋላቸው የለም፣ ያላቸው እውቀትና ፍላጎት ብቻ ነው።

ያሰቡት ዕቃ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ኪስ ውስጥ የሚገባ ሙሉ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። 4.3 ኢንች የሚነካ ስክሪን፣ ትንሽ ኪቦርድ፣ ሁለት የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ፣ በአውራ ጣት የሚንቀሳቀሱ ሁለት መቆጣጠሪያዎች፣ ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚገዛ 600 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር። ሶፍትዌሩ ኦፕን ሶርስ ነው፤ የፕሮግራሙን ኮድ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። (ሁሉም ነገር ክፍት ነበር ማለት ግን አይደለም። ግራፊክሱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር የሌላ ኩባንያ ዝግ ንብረት ነበር።)

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መልሱ ከገዢው ነው። መስከረም 30 ቀን 2008 ቅድመ ክፍያ መቀበል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዙር 4,000 ዕቃ፣ ዋጋው ወደ 330 ዶላር። ብታባዙት 1.3 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይመጣል። ለጥቂት ሰዎች ይህ የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ግን ምንም አይደለም። መከራውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፋብሪካ በሚሊዮን የሚያዝ ደንበኛ እያለው አራት ሺህ ለሚያዝ ሰው ቅድሚያ አይሰጥም። ትንሹ ደንበኛ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ነው።

ዕቃው በወራት ውስጥ ይደርሳል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች እጅ የገባው ግን በግንቦት 2010 ነው። ያውም ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከዚያ በኋላም ዓመታት የጠበቁ አሉ።

ለምን ዘገየ? ይህን ጥያቄ ዝም ብለን «ሰነፎች ስለሆኑ ነው» ብለን ብናልፈው ጋዜጠኛ አንባልም። እስቲ አንዱን ብቻ እንውሰድ፣ የላስቲክ መያዣውን። የላስቲክ አካል የሚሠራው ሞልድ በሚባል የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። የቀለጠ ላስቲክ በግፊት ይገባበትና ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ሞልዱን መቅረጽ ውድ ሥራ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ማረሙ ነው። ከብረቱ ላይ መፋቅ ይቻላል፣ የተፋቀውን መመለስ ግን በብየዳ ካልሆነ አይሆንም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ትንሽ እየፋቁ፣ ናሙና እያወጡ፣ እንደገና እየፋቁ ነው የሚሄዱት። እያንዳንዱ ዙር ሳምንታት ይበላል። ቁልፉ በግማሽ ሚሊሜትር ከተጣበቀ ሁሉም ከመጀመሪያው ይታያል።

በዚህ ላይ በአውራ ጣት የሚነኩት መቆጣጠሪያዎች ከገበያ ተገዝተው የሚገጠሙ አልነበሩም፤ ለዚሁ ዕቃ ተብለው መሠራት ነበረባቸው። ቦርዱ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በምርቱ ላይ ችግር በመብዛቱ በኋላ ወደ ጀርመን ተዛወረ። አንድ ዕቃ መቶ ክፍሎች ቢኖሩትና ዘጠና ዘጠኙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አንዷ ብትጎድል፣ ያለን ዘጠና ዘጠኝ በመቶ መጫወቻ አይደለም። ያለን ዜሮ መጫወቻ ነው! የዕቃ ምርት ከሌላው ሥራ የሚለየውም በዚህ ነው። እኛ ጽሑፋችን ባያልቅ ግማሹን ማተም እንችላለን፤ እነሱ ግማሽ ፓንዶራ መላክ አይችሉም።

መዘግየቱ ዋጋ ነበረው ወይ? በሚገባ! በ2008 ያ ፕሮሰሰር ትኩስ ነበር። ሆኖም ሰኔ 2009 አይፎን 3ጂኤስ በተመሳሳይ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ በዚያው በ600 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር የኖኪያ ኤን900 ተከተለ። ፓንዶራ ገዢው ዘንድ ሲደርስ «አዲስ» የሚለው ቃል አርጅቶ ነበር። ቴክኖሎጂ ላይ መዘግየት ጊዜን ብቻ አይበላም፣ የተገዛውን ነገር ራሱን ይቀይረዋል። ሰውየው የከፈለው ለ2008 ዕቃ ነው፤ የተቀበለው የ2010 አሮጌ ነው።

እንግዲህ እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «ታዲያ ይሄ ውድቀት ነው» ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አያለሁ። ሃርድዌሩ ቆሞ በነበረበት ጊዜ ሶፍትዌሩ አልቆመም። ኮዱ ክፍት ስለነበር የሙከራ ቦርድ የደረሳቸው ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ቀጠሉ። ለፓንዶራ ተብሎ ከተሻሻሉት ፕሮግራሞች አንዱ የድሮ ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችን የሚያጫውተው ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ ነው። ይህ ፕሮግራም በኋላ ራስበሪ ፓይን ጨምሮ ፓንዶራ ምን እንደሆነ በማያውቁ ብዙ መሣሪያዎች ላይ ገብቷል። ዝግ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ሲዘገይ ሁሉም ነገር አብሮ ይቀበር ነበር። እዚህ ግን የዘገየው ዕቃ ልጆቹን ቀድሞ ወለደ። ይህ እድገት አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ሁለተኛው ነገር መናገራቸው ነው። ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጎልቶ የሚታወቀው ጀርመናዊው ሚካኤል ምሮዜክ ዓመታት ሙሉ ምን እንደተበላሸ፣ የትኛው ክፍል ገና እንዳልመጣ፣ ምን እንደተፈተነ በይፋ ሲጽፍ ቆይቷል። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ዜና መመዘኛ ስንማር «አዲስ ክስተት» የሚለውን አጥብቀን ያዝነው። ክስተት ከሌለ ዜና የለም! እኔ በዚህ አልስማማም። ገንዘቡን ከፍሎ ለሚጠብቅ ሰው «በዚህ ሳምንት አልመጣም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከምንም ዜና ይበልጥበታል። ዝምታ ሲረዝም የሚሞላው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ «በሉት!» ነው የሚለው።

ስም የማልጠራው አንድ ክፍል ተማሪዎች ለምረቃ መጽሔት ገንዘብ አዋጡ። መጽሔቱ ሳይወጣ ምረቃው አለፈ። ኮሚቴዎቹ ገንዘቡን አልነኩትም፤ ማተሚያ ቤቱ ነበር የዘገየው። ግን ማንም ምንም አልነገራቸውም። አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ጅማ ከተበተኑ በኋላ መጽሔቱ ደረሰ። የማውቀው አንድ ልጅ ዛሬም ድረስ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ሰላም አይባባልም። በመዘግየቱ ሳይሆን በዝምታው! አራት ዓመት አብረው የኖሩ ጓደኛሞችን ያጣላው አንድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የነበረበት ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሚዛን መጠበቅ አለብኝ። ግልጽነት ጥሩ ነው ስል ግልጽነት ዕዳ ይከፍላል ማለቴ አይደለም። «ሁሉንም ነገር ነግረንሃል እኮ» የሚለው ሰው ገንዘቡም ዕቃውም አሁንም በእሱ እጅ ነው። ፓንዶራ ላይ አንድ ወቅት ተጨማሪ የከፈለ ሰው ቶሎ እንዲያገኝ ተደርጎ ነበር። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ሥራው እንዲቀጥል ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ከ2008 ጀምሮ በሰልፍ ለቆመው ሰው ይህን በምን ቋንቋ ታስረዱታላችሁ? ሰልፍ ማለት እኩልነት ነው። ዳቦ ቤት በር ላይ ሰልፍ ሲሰበር ዝም የሚል የሰፈር ሰው አለ እንዴ?

የአገራችን ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ልክ ነው፣ ይሄዳል። እንቁላሉን የገዛው ሰው ግን ቢያንስ «እየሞቀ ነው ወይስ ተበላሽቷል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ይህ የጥቂት አድናቂዎች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቫልቭ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም ዴክ የሚባለውን፣ እሱም በሊኑክስ የሚሠራ መጫወቻ፣ ታኅሣሥ 2021 እልካለሁ ብሎ ኅዳር ላይ ሁለት ወር እንደሚዘገይ ተናገረ። የካቲት 28 ቀን 2022 መላክ ጀመረ። በተናገረው ጊዜ ማለት ነው። ፓኒክ የተባለው ትንሽ ኩባንያ ደግሞ ፕሌይዴት የሚባለውን መጫወቻ ሐምሌ 2021 ለሽያጭ ሲያቀርብ የመጀመሪያው 20,000 በሃያ ደቂቃ ገደማ አለቀ። ከዚያ ተሠርተው ባለቁት 5,000 ዕቃዎች ላይ የባትሪ ችግር ተገኘ። ዝም ብለው መላክ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ችግሩን ራሳቸው ተናግረው ባትሪውን ቀየሩ፣ መላኩ ለ2022 ተላለፈ። የተበላሸ ዕቃ በቀኑ ከሚደርሰኝ ደህናው ዘግይቶ ቢደርሰኝ እመርጣለሁ። እናንተስ?

ፓንዶራን የሠሩት ሰዎችም አላቆሙም። ፓይራ ለተባለው ተከታይ መሣሪያ ግንቦት 1 ቀን 2016 ትእዛዝ መቀበል ጀመሩ። በዚህኛው ፕሮሰሰሩና ማህደረ ትውስታው ያሉበት ቦርድ ከዋናው ቦርድ ተለይቶ የሚነቀል ነው፤ ሲያረጅ እሱን ብቻ መቀየር እንዲቻል ታስቦ። ከፓንዶራ የተማሩት ይመስለኛል። ሆኖም እሱም ዘገየ። የመረጡት ቺፕ ሠሪ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ገና በ2012 ፊቱን ከስልክና ከታብሌት ገበያ እንደሚያዞር ተናግሮ ነበር። ፓይራ ለመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መድረስ የጀመረው በ2020 መጨረሻ፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ግልጽነት ብቻውን ፋብሪካ አያፈጥንም። ይህንንም አብረን እንመዝግበው።

እንደ እኔ እምነት የሰውን ገንዘብ ቀድሞ የተቀበለ ማንኛውም ወገን፣ ኩባንያም ሆነ የተማሪ ኮሚቴ፣ ሦስት ነገሮችን በየጊዜው መናገር አለበት። አንደኛ፣ ምን ተሠራ? «እየተሠራ ነው» የሚለው አይቆጠርም፤ ተጨባጩ ይነገር። ሁለተኛ፣ ምን ቀረ፣ የቀረውስ በማን እጅ ነው? ሦስተኛ፣ መጠበቅ የታከተው ሰው ገንዘቡን እንዴት ያስመልሳል? ሦስተኛው ሲጠፋ የፊተኞቹ ሁለቱ ማባበያ ይሆናሉ። መጠበቅ ምርጫ የሚሆነው መሄድም ሲቻል ነው።

እኛ ደግሞ እንደ ጋዜጠኛ የመጨረሻውን ቀን ብቻ ጠብቀን «ተመረቀ» ወይም «ከሸፈ» ብለን መጻፍ የለብንም። መሐሉን እንከታተል። የመሠረት ድንጋይ ሲጣልና ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ ሞልቶ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን አምስት ዓመት ግን ማንም አይዘግበውም። እውነተኛው ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

የሁለተኛ ዓመት ጓደኞቼ፣ በሚመጣው ሴሚስተር እኛም ለክፍላችን ቲሸርት ማዋጣት እንጀምራለን። ኮሚቴ ለምትሆኑት ልጆች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በየአርቡ አንድ ገጽ ወረቀት ዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፤ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ወጣ፣ ምን ቀረ የሚል። ምንም አዲስ ነገር ከሌለ «አዲስ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብላችሁ ጻፉ። እኛም ቆመን እናነበዋለን።

ሰላም ሁኑልኝ!